የተማሪ መኪና

አባዬ ስለ መኪና የነበረውን እምነት ይዞት የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። እዚያ መኪና ሀብት ነው። ለዓመታት የነዳት ኮሮላ ዲኤክስ ወደ አሜሪካ ልንመጣ ስትሸጥ ከገዛበት ዋጋ በላይ አውጥታለታለች፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት የቨርጂኒያ ቤት ኪራይ የከፈልነው ከእሷ ሽያጭ በተረፈው ገንዘብ ነበር። ዕቃ ሲሰበርባት ሶማሌ ተራ ወርዶ አዲሱንም ያገለገለውንም አማርጦ ይገዛላታል። የእሷን ሞተር የማያውቅ መካኒክም አልነበረም። ስለዚህ እኔ ኮሌጅ ገብቼ መኪና የሚያስፈልገኝ ጊዜ ሲመጣ ነገሩ ለእሱ ያለቀ ነበር። ቶዮታ ይገዛል፣ በተቻለ መጠን አዲስ ይሆናል፣ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ በደህና ዋጋ ይሸጣል።

ወቅቱ የ2006 ጸደይ ነው፤ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ የምማረው አናንዴል ባለው የኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ግቢ፣ ማታ የምሠራው ደግሞ ፔንታገን ሲቲ ነበር። ሦስቱ ቦታዎች በካርታ ላይ ጎረቤታሞች ይመስላሉ። በአውቶቡስ ለሚመላለስ ሰው ግን እንደዚያ አይደሉም። ከኪንግ ስትሪት ተነስቶ በሊትል ሪቨር ተርንፓይክ የሚያልፈው ባለ 29 ቁጥሩ አውቶቡስ ካመለጠኝ፣ ቀጣዩ እስኪመጣ የክፍሉ ጊዜ ይጋመሳል። የኬሚስትሪ ላብራቶሪው ከሰዓት በኋላ ነበርና ከሥራ መግቢያዬ ጋር ይጋጭብኛል። ከዚህ የተነሳ መውሰድ የሚገባኝን ትምህርት ትቼ አውቶቡሱ የሚያደርሰኝን ትምህርት እመዘገብ ጀመር። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያለፈ አበሻ ይህን ያውቀዋል። ተማሪው ግቢ ውስጥ አያድርም፣ ከትምህርቱ ወጥቶ ወደ ሥራ ይሮጣል፤ መኪና ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ከመጽሐፍና ከምዝገባ ክፍያ እኩል የትምህርት ወጪ ነው።

ይህ ከሁላችን ቀድሞ የገባት እማዬን ነው። የዕቁብ ዕጣዋን ቀድማ እንድትወስድ ሰብሳቢዋን ለመነችና አንድ ቅዳሜ 5,000 ዶላር ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ከዚህ በላይ የለም» አለች፤ «ከዚህም ውስጥ የሚተርፍ መኖር አለበት።»

አባዬ ገንዘቡን ያየው እንደ ቅድሚያ ክፍያ ነው። እሱን ከፍሎ አዲስ ኮሮላ ማውጣት፣ የቀረውን በየወሩ መክፈል። ቡና ሊጠጡ የመጡት ዘመዶች አብዛኞቹ ከእሱ ጋር ነበሩ፤ ምክንያታቸውም የሚናቅ አልነበረም። አዲስ መኪና ዋስትና አለው፣ መንገድ ላይ አይቆምም፣ ከፋይዋም የብድር ታሪክ ትገነባለች። እማዬ ግን ኢንሹራንስ ስንት እንደሚሆን ሳታጣራ አንድም ነገር አልፈርምም አለች። ስልክ የደወልኩት እኔ ነኝ። ብድር ያለበትን መኪና አበዳሪው ሙሉ ሽፋን ካልተገባለት አይለቅም፤ ከ25 ዓመት በታች ላለ ሾፌር ደግሞ ሙሉ ሽፋን እጅግ ውድ ነው። ሙሉ ገንዘቡ ተከፍሎ የተገዛ አሮጌ መኪና ቢሆን ግን በአባዬ ውል ውስጥ ገብቼ፣ ለሌላው ሰው ጉዳት የሚከፍለውን ሽፋን ብቻ መያዝ እችላለሁ። በቨርጂኒያ ሕግ የዚያ ጊዜው ዝቅተኛው መጠን ለአንድ ሰው ጉዳት 25,000፣ ለአንድ አደጋ 50,000፣ ለንብረት 20,000 ዶላር ነበር። እኛ ከዝቅተኛው ከፍ አድርገን ነው የወሰድነው፤ በአሜሪካ ሆስፒታል 25,000 ዶላር በአንድ ሌሊት እንደሚያልቅ ያየ ሰው ይህን አይከራከርም። ውጤቴ ከቢ በላይ ስለነበረ ለጎበዝ ተማሪ የሚደረገው ቅናሽም ተጨመረልኝ። በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው የኢንሹራንስ ልዩነት ብቻ ኮሌጅ እስክጨርስ ቢጠራቀም ሌላ መኪና ይገዛ ነበር።

አባዬ ሒሳቡን አይቶ ዝም አለ። በኋላ ግን የልቡን ተናገረ። «አሮጌ መኪና ሌሊት 395 አውራ ጎዳና ላይ ልጄን ቢያስቀርብኝስ?»

ለዚህ እማዬም መልስ አልነበራትም። እንደኔ እምነት የተማሪ መኪና ጉዳይ ሁሉ እዚህ ጥያቄ ላይ ያርፋል። ወላጅ በማይችለው ዋጋ አዲስ መኪና የሚገዛው ለታይታ አይደለም፤ ልጁ ጨለማ ውስጥ ቆሞ እንዳይቀር ፈርቶ ነው።

መልሱን ያገኘነው ታክሲ ከሚጠግኑ አንድ ሰው ነው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ከሚነዱት ውስጥ የኛ ሰው ብዙ ነው፤ የጋሼ ጋራዥ ደንበኞችም እነሱ ነበሩ። ታክሲ ቀንና ሌሊት ይሠራል፤ ሌላው መኪና በ15 ዓመት የሚደርስበትን ማይል በጥቂት ዓመት ይጨርሳል። የትኛው ሞተር እንደሚቆይ፣ የትኛው ካምቢዮ ቀድሞ እንደሚሞት ጋሼ የሚያውቁት ከመጽሔት አንብበው አይደለም።

አባዬ የኮሮላን ነገር ሲጀምርላቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ስንት ይተርፍሻል፣ ልጄ?»

«ከምኑ?»

«መኪናውን ከገዛሽ በኋላ። አሮጌ መኪና ሁለት ጊዜ ነው የሚገዛው፤ አንዴ ከሻጩ፣ አንዴ ከኔ። የኔን ድርሻ ሳትይዢ ምንም እንዳትገዢ።» ቀጥለው ለአባዬ እንዲህ አሉት፦ «ወንድሜ፣ መንገድ ላይ የሚያስቀረው እርጅና አይደለም። ባትሪ ነው፣ ዲናሞ ነው፣ የተሰነጠቀ የራዲያተር ጎማ ነው፣ ያለቀ ቺንጊያ ነው። ሁሉም ርካሽ ነው። ግን ቀድሞ የሚያየው ሰውና የሚለወጥበት ገንዘብ ይፈልጋል።»

ሒሳባቸው ቀላል ነበር። ከተያዘው ገንዘብ ሲሶው ለመኪናው የመጀመሪያ ዓመት ይቀመጣል። 5,000 ካለ የሚፈለገው የ5,000 ዶላር መኪና አይደለም፤ የ3,300 መኪና ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ያለውን ሁሉ አውጥቶ ትንሽ ይበልጥ አዲስ የሆነውን ይገዛል፣ ከዚያ የ400 ዶላር ብልሽት ሲመጣ ልጁ ለትምህርት የያዘውን ይነካል ወይም መኪናው ይቆማል። ከቆመ ደግሞ ሥራውም ይቆማል።

ፍለጋው የጀመረው መጥፎ ዓመት ላይ ነው። በ2005 ኦገስት ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስንና የባሕረ ሰላጤውን ዳርቻ ስታጥለቀልቅ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መኪናዎች ውሃ ውስጥ ቆይተዋል። ኢንሹራንስ የከፈለባቸው መኪናዎች ታይትላቸው (የባለቤትነት ወረቀታቸው) ላይ ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ግን ከስቴት ወደ ስቴት እየተዛወሩ ምልክቱ የጠፋላቸው ነበሩ። ሩት 1 ላይ አንድ የሚያብረቀርቅ ሴዳን አየን፤ ዋጋው ከሌላው በጣም ያንሳል፣ በመለያ ቁጥሩ ያወጣነው የታሪክ ዘገባም ንጹሕ ነው። ጋሼ ሞተሩን እንኳ አላዩም። የኋላ ወንበር ገቡና የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት። ሁልጊዜ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ጫፉ ላይ ቡናማ የውሃ መስመር ነበረበት። የዕቃ መጫኛውን ከፍተው ተቀያሪው ጎማ ያለበትን ጉድጓድ ሲዳስሱ ደረቅ ደለል በጣታቸው ወጣ። ሻጩን አመሰገኑና ወጣን። የታሪክ ዘገባ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ እንደሆነ፣ ያልተመዘገበ ነገር ዘገባው ላይ ሊኖር እንደማይችል ያን ቀን ነገሩኝ። ዘገባ አውጡ፣ ግን ዘገባ አይታችሁ ብቻ አትግዙ።

ሌላ ቀን አንዲት ሆንዳ ሲቪክ ወደድኩ፤ የ2001 ሞዴል ናት፣ 105,000 ማይል ሄዳለች። ሲቪክ ጥሩ መኪና ነው። የዚያ ትውልድ ሞተር ግን በታይሚንግ ቺንጊያ የሚሠራ ነውና በ110,000 ማይል አካባቢ ቺንጊያው መለወጥ አለበት፤ እየሄደ ከተበጠሰ ፒስተኑና ቫልቩ ይጋጫሉ፣ ሞተሩም ያልቃል። ሻጩ መለወጡን የሚያሳይ ደረሰኝ አልነበረውም፣ ዋጋም አልቀነሰም። ተውናት።

ከዚያ ጋሼ ራሳቸው ደወሉ። ስፕሪንግፊልድ ያሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ የሚሸጡት መኪና አለ፤ የ2000 ቼቭሮሌት ፕሪዝም፣ 94,000 ማይል፣ 3,300 ዶላር። አባዬ «ቼቭሮሌት» የሚለውን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። አብሮን የመጣውም ለጋሼ ክብር ብሎ ነው። ጋሼ ኮፋኖውን ከፈቱና «እየው» አሉት። አባዬ ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ያየው የኮሮላን ሞተር ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጀነራል ሞተርስ ፍሪሞንት፣ ካሊፎርኒያ ያለውን ፋብሪካውን በ1982 ዘግቶት ነበር። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ኑሚ በሚል ስም ከፈተው፤ ቶዮታ የአሠራር ዘዴውን አመጣ፣ ሠራተኞቹ ግን አብዛኞቹ ከመዘጋቱ በፊት እዚያው ይሠሩ የነበሩት ናቸው። በጥራት ጉድለት ስሙ የጠፋው ፋብሪካ በእነዚያው እጆች ምርጥ ከሚባሉት ውስጥ ገባ። ይህን ታሪክ ሳስብ ዛሬም ይደንቀኛል፤ ችግሩ ሰዎቹ አልነበሩም። ከዚያ ፋብሪካ ኮሮላም ፕሪዝምም ይወጡ ነበር። የሁለቱም ሞተር ያው 1.8 ሊትር ነው፤ በቺንጊያ ፈንታ ካቴና ያለው፣ በ110,000 ማይል ለውጡኝ የማይል። ካምቢዮውም ያው፣ የፍሬኑ ሸራም ያው። የሚለየው መብራቱ፣ ፊቱና የተለጠፈበት ስም ነው። ቼቭሮሌት ፕሪዝምን መሥራት ያቆመው በ2002 ሞዴል ነው፤ ፋብሪካው ራሱ በ2010 ተዘግቶ ለቴስላ ተሸጠ። ፕሪዝሟን ባየንበት በዚያው ሳምንት ያገኘነው፣ ዓመቱም ማይሉም ተመሳሳይ የሆነ ኮሮላ 5,400 ዶላር ይጠየቅበት ነበር። ከ2,000 ዶላር በላይ የሆነው ልዩነት ለስሙ የሚከፈል ነው።

ጋሼ ከመድረሳችን በፊት ሞተሩን እንዳያስነሱ ለአስተማሪው ነግረዋቸው ነበር። ስንደርስ መጀመሪያ ያደረጉት እጃቸውን ሞተሩ ላይ ማሳረፍ ነው። የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል፤ የቀዘቀዘው ሲነሳ ግን የሚንኳኳው ይንኳኳል፣ የሚጨሰው ይጨሳል። እኔን ከማርሚታው ኋላ አቆሙኝ። ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ነጭ ሆኖ የማይጠፋና ጣፋጭ ጠረን ያለው ከሆነ የራዲያተር ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ ነው፣ ጓርኒሲዮኑ ሄዷል ማለት ነው። ምንም አልወጣም። የካምቢዮውን ዘይት በነጭ ወረቀት ላይ አሳዩኝ፤ ቀይ ነው፣ የተቃጠለ ሽታ የለውም። የበሮቹን ክፍተት በጣት እየለኩ፣ ላሜራውን በማግኔት እየነኩ በስቱኮ የተሞላ ቦታ ፈለጉ። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አስነበቡኝ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። ጎማዎቹ ጥርሳቸው ያላለቀ ቢሆኑም አርጅተው ነበር፤ ዋጋ የቀነስነውም በዚያ ነው። መሪውን እስከ መጨረሻ አዙረን በዝግታ ስንሄድ የሚንቀጨቀጭ ድምፅ የለም። ከዚያ ቤልትዌይ የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ወጣን፤ ነጂዋ እኔ ነበርኩ፣ እሳቸው ሬዲዮውን ዘግተው ያዳምጣሉ።

መስታወቱ ላይ የዓመታዊው ምርመራ ስቲከር ተለጥፎ ነበር። ብዙ ሰው ቨርጂኒያ ውስጥ ያንን አይቶ ይረጋጋል። የደህንነት ምርመራው ፍሬኑን፣ መብራቱን፣ ጎማውን ያያል፤ የሞተሩንና የካምቢዮውን ዕድሜ አይነግራችሁም። እኔ ይበልጥ ያመንኩት አስተማሪው በአቃፊ የያዙትን የዘይት ለውጥ ደረሰኝ ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ በቀን ቅደም ተከተል ተደርድሯል።

በ3,100 ተስማማን። የመኪና መዝጋቢው መሥሪያ ቤት፣ ዲኤምቪ፣ ሄደን ያኔ የነበረውን የ3 በመቶ የሽያጭ ግብር፣ 93 ዶላር፣ ከፍለን ታይትሉ በአባዬ ስም ወጣ። ከተረፈው አራት ጎማ፣ ባትሪ፣ የውጭ ቺንጊያና የራዲያተር ጎማዎች ተለወጡ። የቀረውን እማዬ በፖስታ አሽጋ «የመኪና» ብላ ጻፈችበትና ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። አባዬን ያረጋጋው መኪናው ብቻ አልነበረም፤ ያ ፖስታም ጭምር ነበር። የፈራው ነገር ቢመጣ መልስ ተዘጋጅቶለታል።

ጋሼ ግን ከኔ ሌላ ነገር ፈለጉ። የእነዚያ ዓመታት 1.8 ሞተር ብዙ ጊዜ ዘይት የመብላት ጠባይ እንዳለው መካኒኮች ያውቃሉ፤ የፒስተኑ ዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ናቸው፣ ዘይት ሳይለወጥ ከቆየ ይደፈናሉ። የሚገድለው ግን ዘይት መብላቱ አይደለም፤ ሳይታይ ዘይቱ ማለቁ ነው። ስለዚህ ቤንዚን በቀዳሁ ቁጥር መለኪያውን እንድስብ አስማሉኝ። ቤንዚን በቀዳ ቁጥር የዘይት መለኪያ የሚያይ ተማሪ ብርቅ ነው፤ እኔ ግን በበረዶም ቢሆን ነዳጅ ማደያ ቆሜ በወረቀት ጠርጌ አይ ነበር። መኪናውን የማውቀው እኔ ሆንኩ። ፍሬኑ ድምፅ ሲለውጥ፣ ጎማ አየር ሲቀንስ ከአባዬ በፊት እሰማለሁ። ለወጣት ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ጋራዥ ገብታ የማታውቀውን ነገር «ተበላሽቷል» ሲሏት አንገቷን ነቅንቃ አትከፍልም።

የኬሚስትሪ ላብራቶሪዬን በዚያው መኸር ወሰድኩ። በኋላ ፌርፋክስ ወዳለው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተዛወርኩ። በ2008 ክረምት የአንድ ጋሎን ቤንዚን ዋጋ በአማካይ ከ4 ዶላር በላይ ሲሆን ትልልቅ መኪና የያዙ ጓደኞቼ ክፍል መቅረት ጀመሩ፤ የእኔዋ በአንድ ጋሎን ወደ 30 ማይል ትሄድ ነበርና ተቋቋምኩት። በ2009 መንግሥት አሮጌ መኪና ለሚመልስ ሰው አዲስ መግዣ 3,500 ወይም 4,500 ዶላር ሲሰጥ አባዬ አንድ ቀን ልቡ ተነሳስቶ ጠየቀ። ደንቡ የሚቀበለው በጋሎን ከ18 ማይል የማይበልጥ የሚሄደውን ነው፤ የእኛ ቆጣቢ በመሆኗ አላለፈችም። በዚያ ፕሮግራም ወደ 700,000 የሚጠጉ መኪናዎች ሞተራቸው ሆን ተብሎ እንዳይሠራ ተደርጎ ተወገዱ። እኔ ስመረቅ ፕሪዝሟ ለታናሽ ወንድሜ ተላለፈች። የመኪና ዕዳ ይዤ አልተመረቅኩም።

አሁን የእህቴ ልጅ ጆርጅ ሜሰን ሊገባ ነው፤ ቤተሰቡም መኪና እንድፈልግለት ለኔ ሰጥቶኛል። ዘመኑ ተለውጧል። በ2021 በቺፕ እጥረት አዲስ መኪና ሲጠፋ ያገለገለው ዋጋው ሰማይ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህም ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። በ3,300 ዶላር እኛ ያገኘነውን ማግኘት አይቻልም። ሆኖም የጋሼ ሒሳብ አሁንም ይሠራል፤ ገንዘቡ 9,000 ከሆነ የ6,000 መኪና ነው የምንፈልገው። ስም ብቻ ማመንም ከድሮው ይበልጥ አይበቃም። ብዙዎቹ ትንንሽ መኪናዎች ሲቪቲ የሚባለው ካምቢዮ ገብቶላቸዋል፤ ኮሮላም ከ2014 ሞዴል ጀምሮ አለው። አንዳንዱ ረጅም ይሄዳል፣ አንዳንዱ ደግሞ ቀድሞ ሞቶ ከመኪናው ዋጋ የማይተናነስ ያስከፍላል። ስለዚህ የካምቢዮ ዘይት መለወጡን የሚያሳይ ወረቀት እጠይቃለሁ፤ ከሌለ እሄዳለሁ። ልጁንም ይዤው ነው የምዞረው፤ ከማርሚታው ኋላ የሚቆመው እሱ ነው።

ወላጆችን አንድ ነገር እለምናለሁ። የታካታ ኩባንያ የሠራቸው የኤርባግ መንፊያዎች በሙቀትና በእርጥበት ብዛት እያረጁ፣ በግጭት ጊዜ ፈንድተው የብረት ስባሪ ፊት ላይ የሚረጩ ሆነው ተገኝተዋል፤ በአሜሪካ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚሆኑ መንፊያዎች እንዲለወጡ ታዟል፣ ሰዎችም ሞተውበታል። ለተማሪ የምንመርጣቸው መኪናዎች እዚህ ውስጥ አሉበት፤ ከ2001 እስከ 2011 የተሠሩ ብዙ ሲቪኮች፣ ከ2003 እስከ 2013 የተሠሩ ብዙ ኮሮላዎች። መኪናው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር «አምጡና ይለወጥ» የሚለው የጥሪ (ሪኮል) ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አዲሱ ባለቤት ዘንድ አይደርስም። የምትገዙትንም፣ ልጃችሁ አሁን የሚነዳውንም መኪና 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን መለያ ከመስታወቱ ግርጌ ገልብጡና የአሜሪካ የመንገድ ትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። ያልተሠራ ጥሪ ካለ ያ መኪና ሥራው ሳይሠራለት አይነዳ፤ የምርቱ ወኪል የሚለውጠው በነጻ ነው።